ስማችን የተጻፈባት የኪንግስተን ሸክላ

ሰባት ኢንች ስፋት ያላት አንዲት የሙዚቃ ሸክላ እጅዎ ገባች እንበል። መሃሏ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ጠጋ ብለው ሲያነቡ በላቲን ፊደል «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ» ይላል። የየት አገር ዘፈን ይመስልዎታል? የአዲስ አበባ ነው ቢሉ አይፈረድብዎትም። ሸክላዋ ግን የጃማይካ ልጅ ናት። ዘፋኞቹም «ዘ አቢሲኒያንስ» በሚል ስም የሚታወቁ ሦስት ጃማይካውያን ናቸው።

እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሸክላዎችን የሚያሳድዱ ሰዎች በለንደን፣ በቶኪዮ፣ በኒውዮርክ ሞልተዋል። የሚፈልጉት ማንኛውንም ሬጌ ወይም ሶል አይደለም። ዘፈኑ በስልካቸው ውስጥ እያለ እንኳ እዚያው ካሪቢያን ውስጥ የታተመውን፣ ወረቀቱ የተጣመመውን፣ ሲዞር ቸር ቸር የሚለውን ሸክላ ይመርጣሉ። እኔ በሙያዬ የገበያ ሠራተኛ ነኝ። «ይህ ዕቃ ለምን ተወደደ?» ብሎ መጠየቅ የዕለት እንጀራዬ ነው። የእነዚህ ሸክላዎች መልስ ግን ከዋጋ አልፎ ወደ ቤታችን፣ ምናልባትም ወደ እርስዎ አያት ካርቶን ይወስደናል። እስቲ አብረን እንየው።

ሦስት ደቂቃ በአንድ ፊት

ባለ 45 ዙር የምትባለውን ሸክላ ለገበያ ያቀረበው አርሲኤ ቪክተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1949 ነበር። ስሟን ያገኘችው በደቂቃ 45 ጊዜ ስለምትዞር ነው። በአንዱ ፊቷ አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊቷ ሌላ ዘፈን ትይዛለች፤ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ከትልቁ የአልበም ሸክላ የምትለየው በመጠኗ ብቻ አይደለም፤ የመሃል ቀዳዳዋም ብዙውን ጊዜ ሰፊ ነው። ዋጋዋ ቀለል ያለ በመሆኑም ወጣቱም፣ መጠጥ ቤቱም፣ ሳንቲም እየበላ የሚዘፍነው ጁክቦክስም ሁሉ የሚገዛት ሆነች።

ጃማይካ ውስጥ ደግሞ ሙዚቃው በዋናነት የኖረው በዚህች ትንሽ ሸክላ ላይ ነው። ብዙ ዘፈኖች አልበም ውስጥ ገብተው አያውቁም። አንድ ጊዜ በነጠላ ወጡ፣ ተጨፈረባቸው፣ ከዚያም ሌላው ሳምንት ሌላ ዘፈን ይዞ መጣ። አንዲት ሸክላ ስትሰበር አንድ ዘፈን አብሮ ሊጠፋ ይችላል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ የተፋቀው ሸክላ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኪንግስተን ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው ወደ ሙዚቃው ይሄዳል። ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች በግቢ ይደረደራሉ፣ መግቢያ ይከፈላል፣ መጠጥና ምግብ ይሸጣል፤ ይህ «ሳውንድ ሲስተም» ይባል ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ሁለቱ ስማቸው ገነነ። አንደኛው ክሌመንት ዶድ፣ በቅጽል ስሙ «ኮክሰን»፤ ሁለተኛው ደግሞ ፖሊስነቱን ትቶ የመጠጥ መደብር የያዘው ዱክ ሪድ።

ሁለቱም የሚፎካከሩት ከአሜሪካ በሚያስመጡት የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሸክላ ነበር። ሕዝቡ ሌላው ጋ የማይገኝ ዘፈን ወዳለበት ግቢ ይጎርፋል። ታዲያ ተፎካካሪው የዘፈኑን ስም አንብቦ እንዳይገዛው ምን ያደርጋሉ? የሸክላውን ወረቀት ይፍቁታል! ኮክሰን የአሜሪካዊውን ሳክስፎን ተጫዋች የዊሊስ ጃክሰንን አንድ ሙዚቃ ስሙን ፍቆ «ኮክሰን ሆፕ» ብሎ ሰየመውና የራሱ መለያ ዜማ አደረገው። ዱክ ሪድ ትክክለኛውን ስም አፈላልጎ ሸክላውን አግኝቶ በራሱ ግቢ ሲያጫውተው የደረሰው ድንጋጤ እስከ ዛሬ ይተረካል።

በእኛ ሙያ አንድ ዕቃ «እዚህ ብቻ ይገኛል» ማስባል ትልቅ ጥበብ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ያለ ምንም የቢዝነስ ዲግሪ አውቀውታል። ግን ልብ ይበሉ፤ ወረቀቱ ሲፋቅ የዘፋኙም ስም አብሮ ተፋቀ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደሴቷ የራሷን ስታትም

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ወጣት ጆሮውን ወደ ሮክ ኤንድ ሮል ሲያዞር ኪንግስተን የሚወደው ዓይነት ሙዚቃ እየሳሳ መጣ። መፍትሔው እዚያው መቅረጽ ሆነ። ኬን ኩሪ የተባለ ነጋዴ የሸክላ ማተሚያ አስገብቶ ነበር፤ የእርሱ «ፌዴራል ሬኮርድስ» የደሴቷ የሙዚቃ ኢንዱስትሪ መሠረት ሆነ። ጃማይካ ነሐሴ 6 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን አወጀች፤ በማግስቱ ዓመት ኮክሰን በብሬንትፎርድ መንገድ ላይ «ስቱዲዮ ዋን»ን ከፈተ። ዱክ ሪድም በቦንድ ጎዳና ከመጠጥ መደብሩ በላይ «ትሬዠር አይል» የተሰኘውን ስቱዲዮውን ሠራ።

አሠራራቸው የሚገርም ነው። ዘፈኑ እንደተቀረጸ መጀመሪያ አንድ ለስላሳ የሙከራ ሸክላ ይቀረጽና ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ላይ ይጫወታል። ሕዝቡ «ድገመው!» ካለ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ዝም ካለ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኛ ዛሬ በመጠይቅና በስብሰባ የምናደርገውን የገበያ ጥናት እነርሱ በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። አንዳንዱ ሸክላ ወረቀቱ ባዶ ሆኖ፣ ምንም ሳይጻፍበት ቀድሞ ይወጣል፤ ሰብሳቢዎች እነዚህን ባዶ ሌብሎች አጥብቀው ይፈልጋሉ።

የአሜሪካ ሶልም ቢሆን በዚሁ በር ገብቷል። የሙዚቃ ጓድ መሪው ባይረን ሊ የታዋቂው አትላንቲክ ሬኮርድስ የጃማይካ አከፋፋይ ነበር፤ «ዳይናሚክ ሳውንድስ» የተባለውን ስቱዲዮና ማተሚያም ይመራ ነበር። አንድ የሶል ዘፈን በአሜሪካ ለሚሊዮኖች ሲታተም፣ የጃማይካው እትም የሚሸጠው ግን ሕዝቧ በዚያን ጊዜ ከሁለት ሚሊዮን በታች በነበረ ደሴት ላይ ነው። ዘፈኑ ያው ነው፤ የሸክላው ብዛት ግን አይገናኝም። የአቅርቦትና የፍላጎት ሕግ ቀሪውን ሥራ ይሠራል።

የተዋሱትን የራስ ማድረግ

ጃማይካውያን ሶልን አትመው ብቻ አልቀሩም፤ በራሳቸው ጉሮሮ ደግመው ዘፈኑት። ከቺካጎ የመጣው የከርቲስ ሜይፊልድ ቡድን «ዘ ኢምፕሬሽንስ» በደሴቷ እጅግ የተወደደ ነበር። «ዘ ቴክኒክስ» የተባሉት ወጣቶች የዚህን ቡድን አንድ ዘፈን ወስደው በዱክ ሪድ ስቱዲዮ «ኩዊን ማጄስቲ» ብለው አወጡት። ፈጣኑ የስካ ምት የቀዘቀዘበት፣ ባሱ ጎልቶ የወጣበት፣ «ሮክስቴዲ» የተባለው ስልት ዘመን ነበር። የዚህን ስልት የጊታር አጨዋወት በመቅረጽ ስሙ የሚነሳው ሊን ቴይት ደግሞ የትሪኒዳድ ተወላጅ ነው። ካሪቢያን እርስ በርሱ የሚዋዋስ አንድ ሰፈር መሆኑን ከዚህ ይረዳሉ።

ሌላው የጃማይካ ነጠላ ሸክላ ልዩ ነገር ጀርባዋ ነው። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በስፓኒሽ ታውን ሳውንድ ሲስተም የነበረው ሩዲ ሬድዉድ አንድ የሙከራ ሸክላ ሲቀረጽለት የዘፋኙ ድምፅ በስህተት ሳይገባበት ቀረ። ጭፈራ ላይ ሲያጫውተው ሕዝቡ ራሱ ግጥሙን እየሞላ አብሮ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ የሸክላዋን ሁለተኛ ፊት ያለ ድምፅ፣ በሙዚቃ ብቻ ማተም የተለመደ ሆነ፤ «ቨርዥን» ይሉታል። ኪንግ ተቢን የመሰሉ የድምፅ ባለሙያዎች ደግሞ በዚሁ ላይ ተመሥርተው «ደብ»ን ፈጠሩ።

ልጆችዎ የድሮ ነገር አይገባቸውም? ይህን ይሞክሩ። ሾን ፖል ከሳሻ ጋር የተጫወተውን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በነጠላ የወጣውን የፍቅር ዘፈን ያስታውሱታል? ዜማው የአልተን ኤሊስ ነው፤ ስቱዲዮ ዋን በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው። በመካከሉ ማርሻ ኤትከን ዘፍናዋለች፤ በእርሷ ሙዚቃ ላይ ደግሞ አልቲያና ዶና የተባሉ ሁለት ልጃገረዶች የራሳቸውን ግጥም ጨምረው በ1978 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ አንደኛ ወጡ። አራቱን በቅደም ተከተል ያጫውቱላቸው፤ «ይሄ እኮ ያው ዘፈን ነው!» ብለው ሲጮኹ ይሰማሉ።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሸክላ እንመለስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ የገቡት በዚህ ቀን፣ ማለትም በኤፕሪል 21 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው የጠበቃቸው ሕዝብ እጅግ ብዙ ስለነበር አውሮፕላኑን ከቦ ሥነ ሥርዓቱን አስቀረው። ራስተፈሪያውያን ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ኢትዮጵያ በጃማይካ ዘፈን ውስጥ ስሟ የማይጠፋ አገር ሆነች፤ አንዳንዶችም አማርኛ መማር ጀመሩ።

«ዘ አቢሲኒያንስ» ከእነዚህ መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 ስቱዲዮ ዋን ገብተው «ሳታ ማሳጋና» የተሰኘውን ዘፈን ቀረጹ። «ሰጠ ምስጋና» ማለታቸው ነው። ኮክሰን ግን ይሸጣል ብሎ አላመነም፤ ሳያወጣው አስቀመጠው። ልጆቹ ቅጂውን ከእርሱ ገዝተው በ1971 «ክሊንች» በተባለው በራሳቸው ሌብል አሳተሙት። ዘፈኑ የራስተፈሪያውያን መዝሙር እስከመባል ደረሰ፤ ሌሎችም ደጋግመው ተጫወቱት። የቅዳሜ ማታን ሕዝብ እንደ መጽሐፍ የሚያነበው ኮክሰን እንኳ ይህን አላነበበውም።

ሌብሉ የማይነግርዎት

ሸክላ መሰብሰብ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚማሩት ማየትን ነው። ሦስት ነገሮች ይመልከቱ።

አንደኛ፣ መሃል ያለውን ወረቀት። የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ የታተመበት አገር ይጻፍበታል። የጃማይካ ሌብሎች የፊደል ግድፈት ይበዛባቸዋል፤ ወረቀቱ ወደ ጎን ሊያዘነብልም ይችላል። ይህ ጉድለት ሸክላውን አያረክሰውም፤ የትውልድ ምልክቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ከወረቀቱ ጠርዝ ያለውን ባዶ ቦታ። ብርሃን ሲያበሩበት የተጫሩ ፊደላትና ቁጥሮች ያያሉ፤ ብዙ ጊዜ በእጅ የተጻፉ ናቸው። እትሙን ከእትም የሚለዩት በዚህ ነው። ተመሳሳይ ሌብል ያላቸው ሁለት ሸክላዎች በዚህ ቁጥር ሊለያዩ፣ አንዱም በኋላ ዘመን የተደገመ እትም ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሁኔታውን። ሻጮች «ሚንት» ካሉ አዲስ ማለት ነው፤ «ቬሪ ጉድ ፕላስ» ካሉ ጥቂት የተጫወተ። የጃማይካ ሸክላ ግን በጭፈራ ላይ የኖረ ነው። ያልተሸጡ ሸክላዎች ተፈጭተው እንደገና ይታተሙ ስለነበር አዲሱ ራሱ ቸር ቸር የሚልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚቻል ከሆነ ያድምጡት።

አራተኛው ነገር ግን ሸክላው ላይ የለም። ጊታሩን ማን መታው? ኪቦርዱን ማን ነካው? አብዛኛው ሌብል ዝም ይላል። ያዙልኝ ያልኩዎት ነጥብ ይህ ነው። ወረቀት በመፋቅ የጀመረ ገበያ የሙዚቀኞቹን ስም መጻፍም ብዙ አላሳሰበውም። እንደ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጃኪ ሚቱ ያሉ ታላላቆች እንኳ በስንቱ ዘፈን ላይ እንደተጫወቱ የምናውቀው ሰዎች ጠይቀው፣ አድምጠው፣ መዝግበው ስላስቀመጡልን ነው። ጥሩ ሰብሳቢ ከነጋዴ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ሸክላውን ሲገዛ ታሪኩንም ይፈልጋል፣ ያገኘውንም ይጽፋል።

ለመጀመር የሚያስፈልግዎት

ዋጋው ያስፈራል? አንዳንድ ብርቅዬ ሸክላዎች በመቶዎች፣ አልፎም በሺዎች ዶላር ይሸጣሉ፤ በጥቂት ዶላር የሚገኙም አሉ። ለቤተሰብ የሚሆን ጅማሬ እነሆ፦

• በገንዘብ ሳይሆን በጆሮ ይጀምሩ። አንድ ወር ሙሉ በስልክዎ ያድምጡ፤ ከዚያ ቤተሰቡ የወደዳቸውን አምስት ዘፈኖች ብቻ ይምረጡ።

• በኢንተርኔት ገበያ ላይ ዲስኮግስ የተባለውን መዝገብ ይመልከቱ። አንድ ሸክላ ስንት ዓይነት እትም እንዳለውና ከዚህ በፊት በስንት እንደተሸጠ ያሳያል።

• ለንደን ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ካለዎት ይጠይቁ። ሁለቱም ብዙ ጃማይካውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ በአሮጌ ዕቃ መደብሮች ውስጥ ሸክላ አይጠፋም። አምስት ነጠላ ሸክላ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አትይዝም።

• ማጫወቻው በ45 ዙር የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ለሰፊው ቀዳዳ የሚሆነውን ክብ ማጥበቢያ አይርሱ። መርፌው ያረጀ ከሆነ ሸክላውን ይቆርጠዋል፤ መጀመሪያ እርሱን ይቀይሩ።

• ሸክላዎችን ሁልጊዜ በቁማቸው ያስቀምጡ፤ አይደራርቧቸው። ከፀሐይና ከመኪና ውስጥ ሙቀት ያርቋቸው፤ በአንድ ከሰዓት ይጣመማሉ። ሲይዙም ዳርና ዳሩን ብቻ።

• ልጆች ይንኩት። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ መርፌ ማስቀመጥ ይችላል። ስክሪን ሳይነካ፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ መቀመጥንም ይማራል። ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ተነስቶ መገልበጥ አለበት።

እንደ መዋዕለ ንዋይ ልግዛ ወይ ለሚሉኝ መልሴ አይሆንም ነው። ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ ተመሳሳዩ ዘፈን እንደገና ሲታተም የብርቅነቱ ነገር ሊቀንስ ይችላል። የሚወዱትን ይግዙ፤ ዋጋው ቢወድቅ ዘፈኑ ይቀርልዎታል።

አልጋ ሥር ያለው ካርቶን

አንድ የሚያሳዝን እውነት አለ። ዛሬ ከድሮዎቹ የጃማይካ ሸክላዎች ብዙዎቹ ያሉት ጃማይካ አይደለም። የውጭ ሰብሳቢዎች በገፍ ገዝተው ወስደዋቸዋል። በአንድ በኩል ባይወስዱት ኖሮ ስንቱ በሙቀትና በእርጥበት ይጠፋ ነበር። በሌላ በኩል የኪንግስተን ልጅ የአያቱን ዘፈን ከቶኪዮ በዶላር ይገዛል ማለት ነው።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬኮርድስን እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀምር አገር ውስጥ ሸክላ ማተሚያ አልነበረም፤ ባለ 45 ዙሮቹ ውጭ አገር እየታተሙ ይመጡ ነበር። የዓለማየሁ እሸቴ የመጀመሪያ ሸክላ በዚሁ ሌብል ወጣ። ካይፋና ፊሊፕስም የየራሳቸውን አሳተሙ። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ወደ ቁም ሳጥን አናት፣ ወደ አልጋ ሥር ተገፋ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ዓለም ይህን ሙዚቃ እንዲሰማ ሲያደርግ፣ የእኛም ሸክላዎች በውጭ ሰብሳቢዎች የሚፈለጉ ሆኑ።

እናም ይህ ወር ሳያልቅ አንድ ነገር ያድርጉ። እናትዎ ወይም አያትዎ ቤት ሲሄዱ «ሸክላ ነበራችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ካርቶኑ ከተገኘ ለመሸጥም ለመጣልም አይቸኩሉ። ማጫወቻ ባይኖር እንኳ አንድ በአንድ ያውጡና ሌብሉን አብረው ያንብቡ። ይህን ማን ገዛው? የት ነበር የተጨፈረበት? ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም የማን ነው? ሳክስፎን የሚነፋውን ያውቁት ነበር? የሚሉትን በስልክዎ ይቅረጹ ወይም በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከሸክላው ከረጢት ውስጥ ይክተቱት።

ኪንግስተን ላይ ማን ምን እንደተጫወተ ለማወቅ ተመራማሪዎች ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙዎቹ የሚጠየቁ ሰዎች ሳይጠየቁ አልፈዋልና። የእርስዎ አያት ግን ምናልባት በዚህ እሑድ ቡና ላይ አሉ።